የፍሮንቶሳ መንጋ በቤት አኳሪየም ለመጀመር፦ ጫጩት ወይስ የደረሰ ዓሣ?

ጥያቄ
ሰማያዊ መስመር (አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የዓሣ ወዳጆች።

ከዚህ ቀደም በመለስተኛ አኳሪየም ትናንሽ ዓሦችን ሳረባ ቆይቻለሁ፤ አሁን ግን ሲክሊድ ከሚባለው የዓሣ ቤተሰብ ወደሆኑት የታንጋኒካ ሐይቅ ትልልቅ ዓሦች፣ በተለይም ወደ ፍሮንቶሳ፣ ለመሻገር ቆርጫለሁ። የምፈልገው ለዓይን ማረፊያ የሚሆኑ አንድ ሁለት ዓሦችን ሳይሆን፣ አንድ አውራ ወንድ ከበርካታ ሴቶች ጋር የሚኖርበትንና እያደር በራሱ የሚራባ መንጋ ነው። ይህ ዓሣ 30 ሴንቲሜትርና ከዚያም በላይ እንደሚያድግ፣ በመልካም አያያዝም ከ15 ዓመት በላይ እንደሚኖር ስላነበብኩ፣ ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት ልምድ ያላችሁን ሰዎች መጠየቅን መርጫለሁ።

ያለሁበትን ሁኔታ ላስረዳ። ባለቤቴ ከብዙ ድርድር በኋላ የምድር ቤታችንን አንድ ግድግዳ ሙሉ በሙሉ ለቅቃልኛለች፤ ወለሉ ኮንክሪት ነው። በዚያ ግድግዳ ሥር 180 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 60 ሴንቲሜትር ወርድና 60 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው አኳሪየም ሊቀመጥ ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ አንድ የማውቀው ሰው 150 በ45 የሆነ ያገለገለ አኳሪየም በጣም በቅናሽ ሊሰጠኝ ዝግጁ ነው። በዚህ ጀምሬ ዓሦቹ ሲያድጉ ወደ ትልቁ ባዛውራቸው ምን ጉዳት አለው?

ዋናው ጥያቄዬ ግን ስለ ዓሦቹ ነው። አንደኛው አማራጭ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ጫጩቶች ገዝቶ ማሳደግ ነው። ሁለተኛው አማራጭ፣ በአቅራቢያዬ የሚገኝ አንድ አርቢ ሊሸጠው ያሰበውን አንድ ወንድና አምስት ሴት ያሉበትን የደረሰ መንጋ መውሰድ ነው፤ ይሁን እንጂ ሰውዬው ዓሦቹ ከየትኛው የሐይቁ ክፍል የመጡ ዘሮች እንደሆኑ በእርግጠኝነት ሊነግረኝ አልቻለም፤ «ቡሩንዲ ይመስሉኛል» ብቻ ነው ያለኝ። በታንዛኒያ ዳርቻ ካለችው ከኪጎማ አካባቢ የመጣውን ዘር በጣም ስለምወደው ሁለቱን ዘሮች በአንድ ላይ ማኖር ይቻል እንደሆነም ማወቅ እፈልጋለሁ።

የቧንቧ ውኃዬን ስለካው ፒኤቹ (የአሲድነቱ ወይም የአልካላይነቱ መለኪያ) ወደ 7.7 አካባቢ ነው። ለታንጋኒካ ዓሣ ይህን ምን ያህል ማስተካከል እንዳለብኝ፣ ከፍሮንቶሳ ጋር ሌላ ዓሣ ማኖር ይገባ እንደሆነና እንደሌለበት ሐሳባችሁን ብታካፍሉኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

ምላሽ
ጥልቅ ውኃ (ሲያትል)

ጤና ይስጥልኝ፣ ጠያቂያችን። ከአኳሪየሙ ልጀምር፤ የቀረው ሁሉ የሚቆመው በእርሱ ላይ ነውና።

150 በ45 የሆነውን፣ በነፃ ቢሰጥዎ እንኳ፣ ለዚህ ዓሣ አይውሰዱት። ጉዳዩ የሊትር ብዛት ብቻ አይደለም። የደረሰ ወንድ ፍሮንቶሳ በ45 ሴንቲሜትር ወርድ ውስጥ መዞር አያቅተው ይሆናል፤ ነገር ግን የገፋት ሴት ከዓይኑ የምትሰወርበት አቅጣጫ አታገኝም። ፍሮንቶሳ እንደ ማላዊ ሐይቅ ምቡናዎች ቀኑን ሙሉ ሌላውን የሚያሳድድ ዓሣ አይደለም፤ በአብዛኛው እየተንሳፈፈ የሚያርፍ፣ ረጋ ያለ ፍጡር ነው። ይሁን እንጂ አውራው ለመራባት ሲዘጋጅ ወይም ተቀናቃኝ ያገኘ ሲመስለው ኃይሉ ቀላል አይደለም፤ በዚያን ጊዜ የሚያድነው የአኳሪየሙ ወለል ስፋት እንጂ የመስታወቱ ቁመት አይሆንም።

«በኋላ አዛውራቸዋለሁ» የሚለው ሐሳብ በወረቀት ላይ የሚያስኬድ ይመስላል። በተግባር ግን የመንጋው ሥርዓት ከቦታው ጋር የተሳሰረ ነው፤ የትኛው ዋሻ የማን እንደሆነ፣ ማን ለማን መንገድ እንደሚለቅ የሚወሰነው በዓመታት ነው። ቦታው ሲቀየር ይህ ሁሉ እንደ አዲስ ይጀመራል፤ ዋጋ የሚከፍሉትም ዘወትር ደካማዎቹ ናቸው። ከዚህም ሌላ ሁለት አኳሪየም፣ ሁለት ማቆሚያና ሁለት ዓይነት ማጣሪያ መግዛትዎ ስለማይቀር የተቆጠበ ነገር አይኖርም።

180 በ60 በ60 የሆነው በውጭ ልኩ 648 ሊትር ነው፤ የመስታወቱ ውፍረት፣ ድንጋዩ፣ አሸዋውና ከላይ የሚተወው ክፍተት ሲቀነስ ከ550 እስከ 580 ሊትር ውኃ ይቀራል። ይህን ለአንድ ወንድና ከአምስት እስከ ሰባት ለሚሆኑ ሴቶች ዝቅተኛው ልክ አድርጌ አየዋለሁ። ክብደቱም ድንጋዩን፣ መስታወቱንና ማቆሚያውን ጨምሮ ወደ 900 ኪሎ ግራም ስለሚጠጋ፣ ወለልዎ ኮንክሪት መሆኑ ትልቅ ዕድል ነው። በአሜሪካ የመኖሪያ ቤት የእንጨት ወለል በአብዛኛው የሚሰላው በአንድ ስኩዌር ጫማ 40 ፓውንድ፣ ማለትም በአንድ ካሬ ሜትር 195 ኪሎ ግራም ያህል ጭነት እንዲሸከም ሲሆን፣ ይህ አኳሪየም ግን ከአንድ ካሬ ሜትር ብዙም በማይበልጥ ቦታ ላይ ከዚያ አራት እጥፍ በላይ ይጭናል። ፎቅ ላይ የምትኖሩ አንባቢያን ይህን ከባለሙያ ጋር ሳትመክሩ አትጀምሩ።

ወደ ዘር ጥያቄዎ ልለፍ። በዓሣ ነጋዴዎች ዘንድ ሁሉም ፍሮንቶሳ ይባል እንጂ በሳይንስ የታወቁት ሁለት ዝርያዎች ናቸው። አንደኛው ቡላንዠ በ1906 የገለጸው ሳይፎቲላፒያ ፍሮንቶሳ ሲሆን፣ ሁለተኛው ታካሃሺና ናካያ በ2003 የለዩት፣ በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል የሚገኘው ሳይፎቲላፒያ ጂቤሮሳ ነው። በገበያ ላይ ቡሩንዲ፣ ኪጎማ፣ ምፒምብዌ፣ ሞባ፣ ካፓምፓ እየተባሉ የሚጠሩት የአካባቢ ስሞች ናቸው። ቡሩንዲው ራሱ ላይ ያለውን ጨምሮ ስድስት ጥቁር መስመሮች ሲኖሩት፣ የኪጎማው ሰባት ናቸው። በአንድ አኳሪየም ቢቀመጡ በሰላም ይኖሩ ይሆናል፤ መራባታቸውም አይቀርም፤ ችግሩም ይኸው ነው። ከሁለቱ የሚወለደው ጫጩት የየትኛውም አካባቢ ዓሣ አይደለም፤ ከእጅዎ ከወጣ በኋላ ማን በምን ስም እንደሚሸጠው መቆጣጠር አይችሉም። ስለዚህ ኪጎማውን ከወደዱት ኪጎማውን ብቻ ይያዙ። «ይመስለኛል» የተባለለትን መንጋ ደግሞ እኔ ብሆን አልፈው ነበር።

የእኔ ምክር አሥራ ሁለት ያህል፣ ከ5 እስከ 7 ሴንቲሜትር የሚሆኑ የአንድ ዘር ጫጩቶችን መግዛት ነው፤ ቢቻል ሁሉም የአንዲት እናት ልጆች እንዳይሆኑ ከሁለት አርቢዎች ቢሰበሰቡ ይመረጣል። ዕድገታቸው አዝጋሚ ነው፤ ለመራባት የሚደርሱት በአብዛኛው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ነው። በዚህ መካከል የሚፈትነው ነገር ወንድና ሴቱን ቶሎ ለመለየት መቸኮል ነው። በግንባሩ ላይ የሚያወጣው ሻኛ ብቻውን አያስተማምንም፤ ሴቶችም ሻኛ ያወጣሉ፤ በአውራው የተጫነ ወንድ ደግሞ ሻኛው ሳይወጣ፣ ቀለሙም ሳይደምቅ ለዓመታት እንደ ሴት ሆኖ ሊቆይ ይችላል። የሚታመነው መንገድ ዓሣውን በእርጥብ እጅ ለአፍታ ገልብጦ ከሆዱ ሥር ያሉትን ቀዳዳዎች ማየት ነው፤ ይህም ዓሣው 12 ሴንቲሜትር ሳይሞላ ብዙም አያስኬድም። ተቀናቃኝ ወንዶች እርስ በርስ መጎዳዳት ሲጀምሩ አንድ በአንድ ያውጧቸው፤ ከዚያ በፊት አይንኳቸው።

ውኃውን በተመለከተ፣ የታንጋኒካ ሐይቅ ፒኤች ከ8.6 እስከ 9.2 ቢደርስም፣ በአኳሪየም ውስጥ ከ8.0 እስከ 8.5 ባለው ላይ ጸንቶ መቆየቱ ቁጥሩን ከማሳደድ የበለጠ ይጠቅማል። የሙቀት መጠኑ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን። የእርስዎ ውኃ 7.7 ከሆነ ሥራው ቀላል ነው፤ እኔ በምኖርበት በሲያትል የቧንቧው ውኃ እጅግ ለስላሳ፣ ማለትም ማዕድን ያነሰው፣ ስለሆነ ውኃ በቀየርኩ ቁጥር ብዙ ማዕድን መጨመር ግድ ይለኛል። ከወጥ ቤት የሚገኘው ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ ቤኪንግ ሶዳ የምንለው፣ በ100 ሊትር ውኃ ውስጥ 3 ግራም ሲጨመር የካርቦኔት ጥንካሬን፣ ማለትም ፒኤቹ እንዳይዋዥቅ የሚያደርገውን የማዕድን መጠን፣ በአንድ የጀርመን ዲግሪ (በተለመደው የጥንካሬ መለኪያ) ከፍ ያደርጋል። በሳምንት ሩቡን ማለትም 140 ሊትር ያህል ቢቀይሩና በአምስት ዲግሪ ከፍ ማድረግ ቢፈልጉ 21 ግራም ይበቃዎታል ማለት ነው። ለአጠቃላይ ጥንካሬው (ለካልሲየምና ለማግኒዚየም መጠኑ) ኤፕሰም ጨው፣ ለወለሉም የአራጎናይት አሸዋ ይረዳል። ሶዳውን በአዲሱ ውኃ ውስጥ አሟሙተው ያስገቡ እንጂ ዓሦቹ ባሉበት አይበትኑት።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ አሳስባለሁ። ፒኤች ከፍ ሲል ከዓሦቹ ቆሻሻ የሚመጣው አሞኒያ ይበልጥ መርዛማ ይሆናል። በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ ፒኤቹ 7 በሆነ ውኃ ውስጥ ካለው አሞኒያ መርዛማ ሆኖ የሚገኘው 0.5 በመቶ ያህሉ ብቻ ሲሆን፣ ፒኤቹ 8.5 ሲደርስ ወደ 15 በመቶ ይጠጋል። ለስላሳ ውኃ ውስጥ ዓሣ ያሳደገ ሰው የለመደው ቸልተኝነት እዚህ አይሠራም። ስለዚህ ዓሣ ከመግባቱ በፊት ማጣሪያውን በንጹሕ አሞኒያ እየመገቡ አሞኒያን የሚለውጠው ባክቴሪያ በውስጡ እንዲያድግ ያድርጉ፤ ይህ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። የጨመሩት አሞኒያ በአንድ ቀን ውስጥ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ተለውጦ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆኑ ዝግጁ ነው ይባላል።

ድንጋዮቹን አሸዋው ከመፍሰሱ በፊት በታችኛው መስታወት ላይ፣ ቀጭን የፕላስቲክ ንጣፍ አድርገው ያስቀምጧቸው፤ ዓሣ ከሥሩ የቆፈረው ድንጋይ ቢንሸራተት መስታወት ይሰብራልና። መብራቱ ደብዛዛ ይሁን፤ እነዚህ ዓሦች በተፈጥሮ የሚኖሩት ከ10 ሜትር በታች ባሉ አለታማ ተዳፋቶች ላይ ነው።

ምላሽ
ድንጋይ ሥር (ፍራንክፈርት)

«ጥልቅ ውኃ» ስለ አኳሪየሙ፣ ስለ ዘርና ስለ አሞኒያ የጻፉትን ሁሉ እቀበላለሁ። የደረሰ መንጋን እንዲህ በቀላሉ ማለፋቸውን ግን አልስማማበትም።

አሥራ ሁለት ጫጩት የሚገዛ ሰው የሚገዛው ዕጣ ነው። ግማሾቹ ሴት ቢሆኑ መልካም፤ ስምንቱ ወንድ ቢሆኑስ? ለሦስትና ለአራት ዓመት ሲመገቡ ከኖሩ በኋላ ትርፎቹን ወንዶች የሚወስድ ሰው መፈለግ ይመጣል፤ 25 ሴንቲሜትር የሆነ ወንድ ፍሮንቶሳ ደግሞ በየሰፈሩ ወሳጅ የሚገኝለት ዓሣ አይደለም። በአንጻሩ ለዓመታት አብሮ የኖረ፣ ሴቶቹ ዕንቁላል መያዝ የጀመሩ፣ አንድ አውራ ያለው መንጋ ሲገኝ ጊዜ የሠራውን ሥራ ነው የምንገዛው። ስለዚህ በመርህ ደረጃ ለአንድ ጀማሪ የተረጋጋ መንጋ መግዛት ከጫጩት ይሻላል ባይ ነኝ።

ይህን ስል ግን የእርስዎን ሻጭ መደገፌ አይደለም። መንጋውን ለማየት ይሂዱ፤ እያንዳንዱን ዓሣ ከጎን ፎቶ አንስተው መስመሮቹን ይቁጠሩ። ስድስት ከሆኑና ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆኑ ሻጩ እንዳለው የቡሩንዲ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በአንዳንዶቹ ስድስት፣ በሌሎቹ ሰባት ከሆኑ፣ ወይም መስመሮቹ የተሰባበሩና የተዛነፉ ከሆኑ ይተዋቸው። ሲመገቡም ይመልከቷቸው። ሆዱ የተነፋና ምግብ አፉ አስገብቶ መልሶ የሚተፋ፣ ወይም ነጭ ክር የመሰለ ዓይነ ምድር የሚጥል ዓሣ ካለ መንጋው በሙሉ ተጠርጣሪ ነው። መዛወሩ ከተወሰነ ሁሉም በአንድ ቀን ይግቡ፤ ሴቶቹ አስቀድመው፣ አውራው በመጨረሻ። ከዚያ ቀደም በአኳሪየሙ ሌላ ዓሣ አይኑር።

ከሐይቁ በቀጥታ የተያዘ ዓሣ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ፦ ፍሮንቶሳ የአየር ከረጢቱን በአፉ ማስተንፈስ አይችልም፤ ከጥልቅ ውኃ ሲወጣ በውስጡ ያለው አየር ይሰፋል። በዚህ ምክንያት ጠላቂዎቹ ዓሣውን በእርከን እያሳረፉ ቀስ በቀስ ያወጡታል። ይህ በጥድፊያ ከተሠራ ዓሣው ለዘለቄታው ተጎድቶ ሊቀር ይችላል። በእኔ እምነት ለመጀመሪያ መንጋ በሰው እጅ የተፈለፈለው ይሻላል።

በአኳሪየም ውስጥም ቢሆን ምግብ ከውኃው ፊት እየለቀመ አየር የሚውጥ ፍሮንቶሳ ራሱን ማጥለቅ አቅቶት ሲንሳፈፍ ይታያል። ለዚህ የሚሰምጥ ፍሬ ምግብ መስጠት ነው መፍትሔው። የበሬ ልብና የመሳሰለውን የሞቃት ደም እንስሳ ሥጋ አይስጡ፤ ስቡ አይስማማቸውም። የደረሱት በቀን አንድ ጊዜ ይበቃቸዋል፤ በሳምንት አንድ ቀን ቢጦሙም አይጎዱም። ይህ ዓሣ በተፈጥሮው አሳዳጅ አለመሆኑን ያስታውሱ። በሐይቁ ውስጥ ከሚበላቸው መካከል በውኃው መካከል በመንጋ የሚዋኙት ሳይፕሪክሮሚስ ይገኙበታል፤ የሚይዛቸውም ጎሕ ሲቀድ፣ ገና ሳይነቁ፣ ብዙ ሳይደክም ቀርቦ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ለመጨረሻ ጥያቄዎ መልስ ይሆናል። አፉ ውስጥ የሚገባ ማንኛውም ዓሣ ምግቡ ነው፤ ቀን ላይ ባይነካው ሌሊት ይወስደዋል። ፈጣኖቹ የማላዊ ዓሦች ደግሞ ምግቡን ቀድመው ይወስዱበታል፤ ሁከታቸውም ያስጨንቀዋል። የደረሱ፣ ሰፋ ያለ ሰውነት ያላቸው የአልቶላምፕሮሎገስ ዓሦች አብረው መኖር ይችላሉ። ብዙ ሰው የሚያማልለው ነጠብጣባሙ የታንጋኒካ ካትፊሽ፣ ሲኖዶንቲስ መልቲፑንክታተስ፣ መልኩ ያምራል፤ ነገር ግን ሲክሊዶች ዕንቁላል ሲጥሉ በመካከል ገብቶ የራሱን ይጥላል፤ ሲክሊዷም ሳታውቅ አብራ በአፏ ታነሣለች፤ የካትፊሹ ጫጩት ቀድሞ ይፈለፈልና በአፏ ውስጥ ያሉትን የራሷን ልጆች ይበላል። መራባት የሚፈልግ ሰው ይህን ዓሣ ባያስገባ ይመረጣል። እኔ ራሴ መንጋውን ብቻውን ማኖር ነው የምመርጠው።

ሴቷ ዕንቁላል ስትይዝ ከጉንጯ በታች ያለው ቆዳ ወጠር ይልና አፏን ሳትከፍት ታኝካለች። ዕንቁላሎቹ ትልልቅና ጥቂት ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ በአሥሮች የሚቆጠሩ እንጂ መቶ አይሞሉም። ከአራት እስከ አምስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ በአፏ ትይዛቸዋለች። የመጀመሪያዎቹን ብትውጣቸው አይደናገጡ፤ በወጣት ሴቶች ዘንድ የተለመደ ነው።

ምላሽ
የጣና ማዕበል (አዲስ አበባ)

ጠያቂው በአሜሪካ ቢሆኑም ይህን ውይይት ከአገር ቤት የምንከታተልም ስላለን ጥቂት ልጨምር። በሐዋሳና በዝዋይ የምናውቀው ቆሮሶ ከዚሁ ከሲክሊድ ቤተሰብ ነው፤ የእርሱም ሴት ዕንቁላሏን በአፏ ነው የምትይዘው። ስለዚህ ነገሩ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም።

በአዲስ አበባ ትልቅ ዓሣ ለማኖር ከሁሉ በፊት የሚታሰበው አየር ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በ26 ዲግሪ ሙቀት የባሕር ዳርቻ ውኃ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል፣ እዚህ ግን ከ6 ብዙም አይዘልም። በውጭ መጻሕፍት ላይ «ይህን ያህል ዓሣ በዚህ ያህል ሊትር» ተብሎ የተጻፈው ልክ በዚህ ከፍታ ላይ እንዳለ ሊወሰድ አይገባም። የዓሦቹን ቁጥር መቀነስ፣ የውኃውን ፊት በፓምፕ ዘወትር ማንቀሳቀስና ሙቀቱን ወደ 24 ዲግሪ ማቅረብ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የመብራት መቋረጥ ነው። ዝግ የሆነው የካኒስተር ማጣሪያ ሲቆም በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች የቀረውን ኦክስጅን በሰዓታት ውስጥ ይጨርሱታል፤ መብራቱ ሲመለስም በውስጡ የተበላሸው ውኃ ቀጥታ ወደ ዓሦቹ ይፈስሳል። መብራት ረዘም ላለ ጊዜ ከጠፋ ማጣሪያውን ከማስነሣት በፊት ከፍቶ፣ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውኃ ማለቅለቅ ይገባል፤ በቧንቧ ውኃ ከሆነ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከጌጥ ድንጋይ በፊት የሚገዛ ዕቃ ነው። ሙቀቱ ግን ያን ያህል አያሳስብም፤ 600 ሊትር ውኃ ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ የጀርባውንና የጎኑን መስታወት በፎም መሸፈን ብዙ ያግዛል። ማሞቂያውም አንድ ትልቅ ከሚሆን ሁለት መካከለኛ ቢሆን፣ አንዱ ቢበላሽ ውኃውን በአንድ ጊዜ አያፈላውም፣ ሌላውም ይደግፈዋል።

በውኃው በኩል ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ከለገዳዲ ግድብ ከሚመጣው ይልቅ በአብዛኛው ማዕድን ይበዛበታል። በየትኛው እንደምትጠቀሙ ሳትለኩ ሶዳ መጨመር አትጀምሩ።

ሰማያዊ መስመር (አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። 150ውን ትቼ 180ውን ለማዘዝ ወስኛለሁ። ሻጩን ዛሬ ጎበኘሁት፤ ከዓሦቹ ሁለቱ ሰባት መስመር ሲኖራቸው የቀሩት ስድስት ናቸው፤ ስለዚህ አልወሰድኳቸውም። የኪጎማ ጫጩቶችን ከሁለት አርቢዎች ለማሰባሰብ እሞክራለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ፦ በጸደይ ወራት ውኃችን የክሎሪን ሽታው ይበረታል። ይህ ዓሦቹን ይጎዳቸው ይሆን? እንደ ድሮው ውኃውን አንድ ቀን በባልዲ አሳድሬ መጠቀምስ አይበቃም?

ምላሽ
ጥልቅ ውኃ (ሲያትል)

አይበቃም። የአርሊንግተን ውኃ የሚመጣው ከፖቶማክ ወንዝ ሲሆን የሚያጣራው የዋሽንግተን አኩዌደክት ነው። ይህ ድርጅት በዓመቱ አብዛኛው ክፍል የሚጠቀመው በክሎራሚን ነው፤ በየጸደዩ ግን መስመሮቹን ለማጽዳት ለተወሰኑ ሳምንታት ወደ ክሎሪን ይለውጣል፤ የሚሸትዎም ለዚህ ነው። ንጹሕ ክሎሪን በባልዲ ሲያድር ሊተን ይችላል፤ ክሎራሚን ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም።

ክሎራሚን የክሎሪንና የአሞኒያ ውሑድ ነው። ለአኳሪየም ውኃ የሚሸጠውና ክሎሪንን ብቻ የሚያጠፋው ፈሳሽ (ማለዘቢያ) ውሑዱን ሲሰብረው አሞኒያው ነፃ ይወጣል፤ ፒኤቹ ከ8 በላይ በሆነ አኳሪየም ውስጥ ደግሞ ይህ አሞኒያ ምን እንደሚሆን ከላይ አይተነዋል። ስለዚህ ሲገዙ ክሎራሚንንና አሞኒያን አብሮ እንደሚያስር በጠርሙሱ ላይ የተጻፈበትን ይምረጡ። መጠኑን የሚለኩት ማለዘቢያውን በበርሜል ባለው አዲስ ውኃ ላይ ከሆነ በሚቀይሩት ሊትር ልክ ነው፤ ቧንቧውን በቀጥታ ወደ አኳሪየሙ የሚከፍቱ ከሆነ ግን በመላው አኳሪየም ሊትር ልክ አስቀድመው ይጨምሩ። በጸደይ ለውጡ ሰሞን የክሎሪኑ መጠን ከወትሮው ሊለይ ስለሚችል በክሎሪን መለኪያ ወረቀት ይፈትሹ፤ በእነዚያ ሳምንታት ሩቡን በአንድ ጊዜ ከመቀየር ይልቅ ስምንተኛውን ሁለት ጊዜ መቀየር ይሻላል።

ጫጩቶቹን ሲያመጡ ከሁለተኛው አርቢ የሚመጡትን በተለየ ዕቃ ለአራት ሳምንት ያህል አቆይተው ጤንነታቸውን ሳያረጋግጡ ከመጀመሪያዎቹ ጋር አይቀላቅሉ። ሲቀላቅሉም መብራቱን አጥፍተው፣ ጥቂት ድንጋዮችን አቀያይረው ይሁን፤ ቀድመው የገቡት ቦታውን የራሳቸው አድርገው ስለሚቆጥሩት።